ከጎንደር ላሊበላ፦ ቀጥታ በረራ፣ በአዲስ አበባ ዞሮ ወይስ በመኪና?

ከጎንደር አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ላሊበላ አውሮፕላን ማረፊያ በአየር 179 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በመኪና ከከተማ ከተማ ወደ 360 ይደርሳል። በአዲስ አበባ በኩል የሚበር ሰው ደግሞ 751 ኪሎ ሜትር ይዞራል። ሦስቱም ቁጥሮች ልክ ናቸው፤ ለብቻቸው ሲታዩ ግን ሦስቱም ያሳስታሉ። መንገደኛው ማወቅ የሚፈልገው ከጎንደር ፒያሳ ተነሥቶ ላሊበላ ማደሪያው በር ላይ እስኪቆም ስንት ሰዓት እንደሚፈጅበት ነው። ያንን ደግሞ ከኪሎ ሜትሩ ይልቅ አውሮፕላኑ በየት ዞሮ እንደሚመጣ፣ አዲስ አበባ ላይ ስንት ሰዓት እንደሚጠበቅና በመኪና ለሚሄድ ደግሞ ላሊበላ መታጠፊያ ከሆነችው ከጋሸና ወዲያ ያለው መንገድ ይወስኑታል።

የአየሩ ርቀትና ደቂቃው

በአፄ ቴዎድሮስ ስም የሚጠራው የጎንደር ማረፊያ አዘዞ ነው፤ ከከተማው መሀል ወደ ደቡብ 18 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። የላሊበላው ሹምሸሃ ሜዳ ላይ ነው፤ ከዚያ እስከ ከተማው ከ23 እስከ 25 ኪሎ ሜትር አለ። የሚገርመው ሁለቱም ማረፊያዎች ከፍታቸው ተቀራራቢ ነው፤ ከባሕር ጠለል በላይ 2,000 ሜትር ሊሞሉ ጥቂት ይቀራቸዋል። የላሊበላ ከተማ ግን 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ከሹምሸሃ ያለው መንገድ ከሞላ ጎደል ዳገት ነው። ርቀቱ አጭር መስሏቸው ለዚህ መንገድ 20 ደቂቃ የሚይዙ ብዙ ናቸው፤ 40 ይያዙ።

በርቀት ማስያ ድረ ገጾች ላይ ሁለቱን ማረፊያዎች ቢያስገቡ የበረራ ጊዜው 43 ደቂቃ ገደማ ይወጣል። ብዙዎቹ የሚያሰሉት በጄት ፍጥነት ነው፤ በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ይይዙና ለመነሣትና ለማረፍ 30 ደቂቃ ይጨምራሉ። በእነዚህ አጫጭር የአገር ውስጥ መስመሮች ላይ በብዛት የሚበረው ግን ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8-400 ነው፤ ሰዉ ኪው 400 የሚለው። ሰባ ምናምን ሰው ይጭናል፤ ከፍተኛ ፍጥነቱ በሰዓት 667 ኪሎ ሜትር አካባቢ ነው። በ179 ኪሎ ሜትር ላይ ደግሞ በዚያ ፍጥነት የሚቆየው ለጥቂት ደቂቃ ነው፤ ወጥቶ ሳይጨርስ መውረድ ይጀምራል።

ስለዚህ ለኪው 400 የሚሠራ ግምታዊ ስሌት ይኸውና፦ የአየሩን ርቀት በኪሎ ሜትር ለ8 ያካፍሉ፣ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ስምንቱ በደቂቃ የሚሄደው አማካይ ርቀት ነው፤ 15ቱ ደግሞ አውሮፕላኑ ከቆመበት እስከ መንደርደሪያው የሚነዳበት፣ የሚነሣበት፣ ለማረፍ የሚዞርበትና መልሶ እስኪቆም ያለው ነው። ጎንደር–ላሊበላ 37 ደቂቃ ይሆናል። አዲስ አበባ–ላሊበላ 332 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 57፣ አዲስ አበባ–ጎንደር 419 ስለሆነ 67፣ ባሕር ዳር–ላሊበላ 185 ስለሆነ 38። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከዚህ በአምስት በአሥር ደቂቃ ቢበልጥ አይገርምም፤ አየር መንገዶች የመዘግየት መጠባበቂያ ይጨምሩበታል። የድረ ገጹ 43 ደቂቃም ከእውነቱ ሩቅ ያልሆነው በአጋጣሚ ነው፤ ፍጥነቱን አብዝቶ፣ የመነሻና የማረፊያውን ጊዜም አብዝቶ፣ ሁለቱ ስሕተቶች ተጣፍተውለት ነው።

ቀጥታ በረራ ካለ

ካለ፣ ሌላውን ማሰብ አያስፈልግም። ከጎንደር መሀል እስከ አዘዞ 35 ደቂቃ፣ ማረፊያው ላይ ቀድሞ ለመድረስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረራው 40 ደቂቃ፣ ሻንጣ ለመረከብ 20 ደቂቃ፣ ከሹምሸሃ ወደ ከተማ 40 ደቂቃ። በድምሩ 3 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ይሆናል። ከዚህ ውስጥ በአየር ላይ የሚያልፈው ግማሽ ሰዓት እንኳ አይሞላም።

ችግሩ «ካለ» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሰባ ሰው የሚጭን አውሮፕላን በሁለት ትናንሽ ከተሞች መካከል ብቻ እየተመላለሰ አይሞላም። እንዲህ ያለ በረራ የሚገኘው አውሮፕላኑ ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ሁለት ወይም ሦስት ከተማ አዳርሶ በሚመለስበት ዙር ውስጥ ነው። ዙር ደግሞ አቅጣጫ አለው። አውሮፕላኑ አዲስ አበባ–ጎንደር–ላሊበላ–አዲስ አበባ የሚዞር ከሆነ ከጎንደር ላሊበላ በ40 ደቂቃ ይደርሳሉ፤ ከላሊበላ ጎንደር ለመሄድ ግን አዲስ አበባ መግባት ግድ ነው። ዙሩ በተቃራኒው ከሆነም እንዲሁ። ብዙ ሰው የጉዞውን ቅደም ተከተል በልቡ ወስኖ፣ ሆቴል ይዞ፣ ትኬት የሚፈልገው መጨረሻ ላይ ነው። ይህ መስመር የሚፈልገው ግን ተቃራኒውን ነው፤ መጀመሪያ አውሮፕላኑ በየት በኩል እንደሚዞር ይታይ፣ ከዚያ የትኛው ከተማ እንደሚቀድም ይወሰን።

ፍለጋው እንዲህ ነው። የአየር መንገዱ መተግበሪያ ላይ ደርሶ መልስ ሳይሆን የአንድ መንገድ ጉዞ ይምረጡ። ከሚፈልጉት ቀን ሦስት ቀን ወደፊትና ሦስት ቀን ወደኋላ አንድ በአንድ ይዩ፤ በሳምንት ሁለትና ሦስት ቀን ብቻ የሚኖር በረራ በአንድ ቀን ፍለጋ አይታይም። ከዚያ አጠቃላይ የጉዞ ጊዜውን ያንብቡ። ከአንድ ሰዓት በታች ከሆነ ቀጥታ ነው። አራት ሰዓትና ከዚያ በላይ ከሆነ በአዲስ አበባ የሚያዞር ነው። ቀጥሎ ከላሊበላ ጎንደር ብለው ገልብጠው ይፈልጉ። የበረራ ሰሌዳው በየወቅቱ ስለሚቀያየር ዘመድ ባለፈው ዓመት የሄደበትን ቀን መነሻ ማድረግ አያዋጣም።

ወንበር መምረጥ ከቻሉ በዚህ አቅጣጫ በግራ በኩል ሰሜን ነው፤ ሰማዩ ጠርቶ ከዋለ ወደ ስሜን ተራሮች ማየት ይቻላል። በቀኝ የጉና ተራራ ይታያል። የኪው 400 ክንፍ ከመስኮቱ በላይ ስለሆነ አይከልልም፤ የሚከልለው ሞተሩ ነውና መሀሉን ትተው ወደ ኋላ ይቀመጡ። ጩኸቱም እዚያ ይቀንሳል።

በአዲስ አበባ ዞሮ

አብዛኛው ሰው መጨረሻው ይኸው ነው። በስሌት ቢያስቀምጡት፦ ወደ አዘዞ 35 ደቂቃ፣ ቀድሞ መድረስ አንድ ሰዓት ተኩል፣ በረራ አንድ ሰዓት ከ10፣ ቦሌ ላይ ቢያንስ ሁለት ሰዓት፣ ሁለተኛው በረራ አንድ ሰዓት፣ ከዚያ ሻንጣውና የሹምሸሃው ዳገት አንድ ሰዓት። በድምሩ 7 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ነው፤ ያውም ሁሉ ነገር ተገጣጥሞ። ላሊበላ በቀን የሚሄደው በረራ ጥቂት ነው፤ በጠዋት ከሆነ ደግሞ ከጎንደር የሚመጣው አውሮፕላን ቦሌ ሲደርስ የላሊበላው ሄዷል። ያኔ አዲስ አበባ ማደር ይመጣል፤ የሆቴሉንና የታክሲውን ወጪ ከትኬቱ ዋጋ ጋር ደምረው ካላዩት ርካሽ የመሰለው ውድ ይሆናል።

የበረራ ሰሌዳው ወደ ጠዋት የሚያዘነብልበት ምክንያት አለ። በ2,000 ሜትር ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ካለው አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል፤ ፀሐይ ከበረታ የበለጠ ይሳሳል። በሳሳ አየር ላይ ክንፉም ሞተሩም አቅማቸው ይቀንሳል፣ ለመነሣት የሚያስፈልገው መንደርደሪያ ይረዝማል። በክረምት ደግሞ ከሰዓት በኋላ ደመናው ይከብድና ነጎድጓድ ይመጣል፤ ተራራ በከበበው ማረፊያ ላይ ደመና ዝቅ ካለ አብራሪው ሳያርፍ ይመለሳል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ የሚጓዝ ሰው ምርጫ ካለው የመጀመሪያውን የጠዋት በረራ ይያዝ፤ ከሰዓት ያለው ቢሰረዝ ሌላ የሚተካው የለም።

እዚህ ላይ የማይታለፍ ነገር፦ ሁለቱን በረራዎች በአንድ ትኬት ይግዙ። ጎንደር–አዲስ አበባን ለብቻ፣ አዲስ አበባ–ላሊበላን ለብቻ የገዛ ሰው የመጀመሪያው ቢዘገይ ሁለተኛው አይጠብቀውም፤ እንዳልመጣ መንገደኛ ተቆጥሮ ቅጣት ሊከፍል ወይም ትኬቱን ሊያጣ ይችላል። በአንድ ትኬት ከሆነ ግን በሚቀጥለው በረራ ማሳፈር የአየር መንገዱ ኃላፊነት ነው፤ ሻንጣውም ከአዘዞ በቀጥታ ሹምሸሃ ተብሎ ይለጠፍበታል። ሻንጣው ላይ የታሰረውን ወረቀት በዐይንዎ አይተው ይሂዱ።

ከውጭ አገር የሚመጡ ወገኖች ደግሞ አንድ ጥቅም አላቸው። በኢትዮጵያ አየር መንገድ ዓለም አቀፍ በረራ የመጣ ሰው የአገር ውስጥ ትኬት ሲገዛ ቅናሽ ያገኛል፤ የዓለም አቀፉን ትኬት ቁጥር ማቅረብ አለበት። በሌላ አየር መንገድ ርካሽ ትኬት አግኝቼ መጣሁ የሚል ሰው ሦስትና አራት የአገር ውስጥ በረራ ካሰበ ሁለቱን ደምሮ ያነጻጽር። ቅናሹ የትኬቱን ልዩነት የሚበላበት ጊዜ ብዙ ነው።

በመኪና

መንገዱ ከጎንደር በአዘዞ ወጥቶ በአዲስ ዘመን ወረታ ይደርሳል፤ ይህ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ወረታ ላይ ወደ ምሥራቅ ታጥፎ ደብረ ታቦር፣ ነፋስ መውጫ፣ ጨጨሆ እያለ ጋሸና ይወጣል፤ እስከ ወልድያ የሚዘልቀውን ይህን መስመር ብዙ ሰው እስካሁን የቻይና መንገድ ይለዋል። ከጋሸና ወደ ሰሜን 64 ኪሎ ሜትር ታጥፎ ላሊበላ ነው። የአየሩ መስመር በበለሳ ቆላና በተከዜ ተፋሰስ ላይ ሲያቋርጥ መኪናው ወደ ደቡብ ወርዶ በጉና ጥግ ዞሮ ይሄዳል። ርቀቱ እጥፍ የሆነው በዚህ ነው።

በኮንትራት መኪና ሳይቸኩሉ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ይያዙ። ወረታ ድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል፤ ከወረታ ጋሸና አራት ሰዓት፤ ከጋሸና ላሊበላ ለብቻው ሁለት ሰዓት። የመጨረሻዋን 64 ኪሎ ሜትር በአንድ ሰዓት እንጨርሳለን ብሎ የሚያቅድ ሰው ነው ላሊበላ በጨለማ የሚገባው። ነፋስ መውጫ ስሟ በከንቱ አልወጣላትም፤ 3,000 ሜትር በሚያልፈው ደጋ ላይ ብርዱ ይነክሳል፣ በክረምት ጉሙ ፊት ለፊት ያለውን መኪና ይሸፍናል። ከጨለመ በኋላ ከብትና መብራት የሌለው ጭነት መኪና መንገዱ ላይ ስለሚያጋጥም ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነሥቶ ከ10 ሰዓት በፊት መግባት ነው።

እንግዲህ ያነጻጽሩ፤ በአዲስ አበባ ዞሮ መብረር በጥሩ ቀን 7 ሰዓት ከ15፣ መኪናው 8 ሰዓት ተኩል ገደማ። ልዩነቱ ከአንድ ሰዓት ብዙም አይበልጥም። አዲስ አበባ ማደር ካለ ደግሞ መኪናው ይቀድማል። ሦስትና አራት ሆነው ለሚጓዙ የመኪናው ሂሳብ ተከፋፍሎ ከአራት የአውሮፕላን ትኬት ሊያንስ ይችላል። ሲዋዋሉ ግን ሦስት ነገር በግልጽ ይነጋገሩ፦ ነዳጁ በማን ነው፣ የሾፌሩ አበልና ማደሪያ በማን ነው፣ የመልሱስ? መኪናው ባዶውን ወደ ጎንደር ስለሚመለስ ባለቤቱ የደርሶ መልስ ሂሳብ ያስባል፤ የአንድ መንገድ ዋጋ ተነግሮዎት መጨረሻ ላይ ከመጨቃጨቅ አስቀድሞ መጨረስ ይሻላል።

በሕዝብ ትራንስፖርት የሚሄድ ሰው መኪና መቀያየሩን ይወቅ። ከጎንደር መናኸሪያ ወረታ ወይም ደብረ ታቦር፣ ከዚያ ጋሸና፣ ከጋሸና ላሊበላ። ጋሸና ከሰዓት በኋላ የደረሰ ሰው የላሊበላ መኪና ላያገኝ ስለሚችል ሁለት ቀን ይያዝ። ገንዘቡ ከሁሉም ያንሳል፤ ጊዜ ላለው ሰው ጥሩ ነው።

ይህ ሁሉ ስሌት መንገዱ ክፍት ሲሆን ነው። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በአማራ ክልል በተከሰተው ግጭት ምክንያት መንገዶች በድንገት የሚዘጉበት ጊዜ አለ፤ በዚያው ክረምት የጎንደርም የባሕር ዳርም የላሊበላም በረራ ለጊዜው ተቋርጦ ነበር። በመኪና ለመሄድ ያሰበ ሰው ከመነሣቱ በፊት በነበረው ቀን ሁለት ቦታ ይደውል፤ አንዱ ከጋሸና ወዲያ ላሊበላ ያለ ሰው፣ ሌላው በዚያ ሳምንት መስመሩን የሄደ ሾፌር። አጠራጣሪ ከሆነ ዙሩ ረዘመ ሳይሉ በአዲስ አበባ መብረር ነው፤ እዚህ ላይ ገንዘብ ማነጻጸር አይገባም።

በባሕር ዳር በኩል ቢሆንስ? ጎንደር–ባሕር ዳር በመኪና 180 ኪሎ ሜትር፣ ሦስት ሰዓት ነው። በዚያ ቀን ከባሕር ዳር ላሊበላ ቀጥታ በረራ እንዳለ ትኬቱ በእጅዎ ካለ ያዋጣል። ከሌለ ወረታን አልፎ 60 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ መሄድ በከንቱ ነው።

ሰዓቱና ቀኑ

በዚህ መስመር ላይ በረራ ከሚያስመልጡ ነገሮች ዝናቡም መዘግየቱም አይደሉም ግንባር ቀደሙ፤ ሰዓት አቆጣጠሩ ነው። ትኬቱ የሚጻፈው በአውሮፓውያን 24 ሰዓት ነው። 07:15 የሚል ትኬት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ15 ማለት ነው፤ «ሰባት ሰዓት ከሩብ» ብሎ ለእናቱ የነገረ ልጅ እናቱን ስድስት ሰዓት ዘግይታ አዘዞ ያደርሳታል። የቀን በረራ ከሆነ ስድስት ይቀንሱ፦ 13:40 ከቀኑ 7:40 ነው። ከ06:00 በፊት ከሆነ ስድስት ይጨምሩ፦ 05:30 ከሌሊቱ 11:30 ነው። ከሌሊት በረራ ጋር ደግሞ ቀኑም ይምታታል፤ በአውሮፓውያኑ ቀኑ የሚለወጠው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው።

በዓል ላይ የሚጓዝ ሰው የቀኑን ልዩነት ይበልጥ ይጠንቀቅ። ልደት በአውሮፓውያኑ ሁልጊዜ ጃንዋሪ 7 ይውላል። ጥምቀት ግን ጥር 11 ነውና በተለምዶ ጃንዋሪ 19 ሲሆን ጳጉሜን 6 ከነበረችበት ዓመት በኋላ ጃንዋሪ 20 ይውላል፤ በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፣ በ2020 ዓ.ም.ም እንዲሁ ይሆናል። በዋዜማው ከተራን ለማየት የመጣ ሰው የአንድ ቀን ስሕተት ዋናውን ያሳልፈዋል።

ለነገሩ ይህን መስመር በብዛት የሚፈልገው ገናን ላሊበላ፣ ጥምቀትን ጎንደር ማሳለፍ የሚሻ ሰው ነው። በመካከላቸው ያለው ጊዜ ሁለት ሳምንት አይሞላም፤ አቅጣጫውም ከላሊበላ ወደ ጎንደር ነው። ስለዚህ ከላይ ያልነው የዙር ጉዳይ እዚህ ላይ ይከብዳል፤ አውሮፕላኑ ጎንደርን አስቀድሞ የሚዞር ከሆነ ለእርስዎ ቀጥታ የለም። ከገና ማግስት ባሉት ሁለት ቀናት ከላሊበላ የሚነሣው ሁሉ ወደ አዲስ አበባ በሚመለስ ተሳላሚ የተሞላ ነው፤ ከታኅሣሥ 29 ቀጥሎ ሦስት አራት ቀን ላሊበላ ቆይቶ መነሣት ወንበሩንም ዋጋውንም ያቀለዋል። ጎንደር ግን ከጥር 8 በፊት ይግቡ፤ ከዚያ ወዲያ አውሮፕላንም ሆቴልም አንድ ላይ ይሞላሉ።

ስምና ጓዝ

ትኬቱ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያው ወይም ከፓስፖርቱ ጋር ፊደል በፊደል ይመሳሰል። ኃይለ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ የመሰሉ ስሞች በላቲን ሲጻፉ አንዴ አንድ ቃል፣ አንዴ ሁለት ቃል ይሆናሉ፤ ትኬት ቆራጩ በመሰለው ከጻፈው በር ላይ ጣጣ ነው። ለትኬት ቆራጩ በስልክ ከመናገር የመታወቂያውን ፎቶ መላክ ይሻላል።

በእጅ የሚያዘው ሻንጣ 7 ኪሎ ነው። የኪው 400 የላይኛው መደርደሪያ ጠባብ ስለሆነ ባለ ጎማው ሻንጣ አይገባም፤ አውሮፕላኑ ሥር ተቀብለው ከታች ይጭኑታል። ገንዘብ፣ መድኃኒትና ስልክ በትንሿ ቦርሳ ይሁን፤ ፓወር ባንክ ደግሞ በምንም መንገድ ከታች አይጫንም። መቋሚያ መንገደኛው የሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ስለማይፈቀድ ከሻንጣ ጋር ይሰጣል። ጠበልና ማር የያዘ ሰው ክዳኑን በፌስታል ጠቅልሎ፣ ጀሪካኑን እስከ አፉ ሳይሞላ ከታች ያስጭን፤ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ሲቀንስ ጀሪካኑ ይነፋና ከክዳኑ ሥር ያፈሳል፣ ነጠላውን ሁሉ ያበላሻል። ከውጭ ሲመጡ የተፈቀደልዎ ሁለት ትልልቅ ሻንጣ የአገር ውስጡ ትኬት ላይ ላይሠራ ስለሚችል ትኬቱ ላይ የተጻፈውን ኪሎ አንብበው ትርፉን አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይተዉት።

ሹምሸሃ ሲወርዱ የሆቴል መኪኖች በር ላይ ይቆማሉ። አውሮፕላኑ ያመጣውን ሰው ይዘው ከሄዱ በኋላ የሚቀጥለው በረራ እስኪመጣ ድረስ ሜዳው ጭር ይላል፤ ማደሪያዎ ጋ አስቀድመው ደውለው የበረራ ቁጥርዎን ይንገሩ።